«ሐበሻ ነሽ እንጂ ጥቁር አይደለሽም»፦ ይህ አባባል ከየት መጣ?

ወለተ ሸዋ (ሜሪላንድ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ዘመዳችን ቤት ለዝክር ተሰብስበን ሳለ፣ የ16 ዓመት ልጄ ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራ «እኛ ጥቁር ተማሪዎች» ብላ ጀመረች። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ አባት፣ እኔም እንደ ወላጅ የማከብራቸው ሰው፣ ንግግሯን አቋርጠው «ልጄ፣ አንቺ ሐበሻ ነሽ እንጂ ጥቁር አይደለሽም» አሏት። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም የሚያጽናኗት መስሏቸው ነበር። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ ጥቁር አለመሆን መጽናኛ የሚሆነው ጥቁር መሆንን እንደ ጉዳት ለቆጠረ ሰው ብቻ ነውና።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «እማዬ፣ ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አለችኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ የቤታችንን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ከሚለው ሳጥን ሥር የዘር ምንጭ የሚጻፍበት ቦታ ነበረ፤ በምሳሌነት ከተጠቀሱትም መካከል ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ የሚሉት ይገኙ ነበር። የአገሩ መንግሥት ጉዳዩን በአንድ መስመር ጨርሶታል፤ እኛ ግን በየዝክሩና በየሠርጉ አሁንም እንከራከርበታለን። አባባሉ የመጣው ከመልካችን ነው፣ ከታሪካችን ነው፣ ወይስ ከማንናገረው ሌላ ነገር? የምታውቁ ብትመልሱልኝ እወዳለሁ።

ዘደብረ ታቦር

እኅቴ ወለተ ሸዋ፣ እውነቱን ለመናገር እኚያ አባት ያሉትን እኔም ብሆን እለው ነበር። ሐበሻነት የቆዳ ቀለም ስም አይደለም፤ ቋንቋ፣ ፊደል፣ እምነት፣ የዘመን አቆጣጠርና የአበላል ሥርዓት ሳይቀር የተሰናሰሉበት ማንነት ነው። በአሜሪካ ደግሞ «ጥቁር» ሲባል የቀለም ቃል ብቻ ሳይሆን የአንድ የታወቀ ሕዝብ ስም ነው። ያ ሕዝብ በመርከብ ታጭቆ ተሻግሮ፣ በትንባሆና በጥጥ እርሻ ላይ ተገርፎ፣ ከዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ የራሱን ዝማሬና የራሱን የነጻነት ትግል የፈጠረ ነው። ያንን መከራ ያልተቀበልን ሰዎች ስሙን ወስደን ብንጠራበት የሰው ርስት ላይ እንደ መስፈር ይቆጠርብናል ብዬ እሰጋለሁ።

አባቶቻችንም አድዋ ላይ የተሰለፉት ለአገራቸውና ለሃይማኖታቸው ነው እንጂ በቀለማቸው ተጠራርተው አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው የጥቁሮች ማኅበር መሪ እንዲሆኑ በተጠየቁ ጊዜ «እኔ ጥቁር አይደለሁም» ብለው እንደ መለሱ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ያልተቀበሉትን ስም ለልጆቻችን የምናወርሰው ለምንድን ነው?

መምህር ዘልደታ

የተከበሩ ዘደብረ ታቦር፣ ሐበሻነት የባህልና የቋንቋ ስም ነው ያሉትን እቀበላለሁ። የምኒልክ ንግግር የተባለው ግን ምንጩ ሳይመረመር ሊጠቀስ አይገባም። ንግግሩ የሚገኘው በ1903 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ አዲስ አበባ የመጣውና ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተዋዋለው ሮበርት ስኪነር በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በስኪነር አተራረክ፣ ቤኒቶ ሲልቫን የተባለው ሄይቲያዊ የጥቁርን ሕዝብ ኑሮ ለማሻሻል የታሰበውን ማኅበር እንዲመሩለት ምኒልክን ሲለምን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን ካመሰገኑ በኋላ «እኔ ግን ጥቁር አይደለሁም፤ ካውኬዥያን ነኝ» አሉት።

እስቲ ይህን ቃል ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አማርኛ መልሱት። የሰውን ዘር በካውካሰስ ተራራ ስም መመደብ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጀርመን ሊቃውንት ያወጡት ነገር ነው፤ የእኛ ሊቃውንት ሰውን የሚመድቡት በሴም፣ በካምና በያፌት ነበር። ስለዚህ ምኒልክ የተናገሩት ምንም ይሁን ምን፣ እጃችን የገባው ግን የእሳቸው ቃል ሳይሆን የአንድ አሜሪካዊ ቋንቋ ነው። ያው ሲልቫን በ1900 እ.ኤ.አ. በለንደን በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ላይ የተቀመጠው የምኒልክ የክብር ረዳት መኮንን ተብሎ እንደ ነበርም አብሮ መነገር አለበት።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ሰፋ ይላል። አውሮፓ ጥቁር ሕዝብ የነጭን ጦር ሜዳ ላይ አያሸንፍም ብላ ስታስተምር ኖራ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ይህ ሆነ። ትምህርቱን ከመተው ይልቅ ኢትዮጵያውያንን ከጥቁርነት ማስወጣት ቀለላት። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የአክሱምን ሥልጣኔ ከደቡብ ዓረቢያ ተሻግረው በመጡ ሰፋሪዎች ላይ መሠረተው፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ሰሊግማን ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የሚታየውን ሥልጣኔ የካውካሳውያን ቅርንጫፍ ናቸው ላላቸው «ሐማውያን» አደለ። የእኛም ሰዎች ይህን ሲሰሙ የተመሰገኑ መሰላቸው። ምስጋናው የመጣው ግን ሌላውን አፍሪካዊ ሁሉ ከሰውነት ዝቅ በሚያደርግ ሚዛን ነው።

ሚዛኑ ለእኛም ቢሆን አልታመነም። በ1937 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል ወር ፋሺስቶች ባወጡት ሕግ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አስነሥተው «የአገሬው ገበያ» ብለው ወደ ምዕራብ የወሰዱትም በዚያው ዘመን፣ የነጩ ከተማና የጥቁሩ ከተማ እንዳይቀላቀሉ ነው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱን ነው። በንድፈ ሐሳብ ግማሽ ነጭ ያደረጉን ሰዎች አገሩን በያዙ ጊዜ ጥቁር ብለው ለዩን።

የኦሪገን ነዋሪ

የእኔ ጽሑፍ አጭር ነው። በኖቬምበር 13 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ሌሊት በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራው የሚባል የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት የነጭ የበላይነት አራማጆች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ሰውየው ለትምህርት የመጣ፣ ሠርቶ ለቤተሰቡ የሚልክ ወንድማችን ነበር። ከዚያም የሲቪል መብት ጠበቆች ቤተሰቡን ወክለው፣ ገዳዮቹን ያነሣሣውን የነጭ ዘረኞች ድርጅትና መሪውን ቶም ሜትዝገርን ከሰሱ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የዳኞች ጉባኤ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ።

እኔ በዚያን ጊዜ በዚያው ከተማ የምኖር ወጣት ነበርኩ። በቀብሩ ሰሞን ከእኛ ጋር ከቆሙት አብዛኞቹ የፖርትላንድ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ የእኛ ሐዘን የእነሱ ሐዘን ስለ መሆኑ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ወንድሜ ዘደብረ ታቦር የሰው ርስት ያሉትን ነገር አስቤበት አውቃለሁ። ያንን ርስት እኛ አልወሰድነውም፤ በሙሉጌታ ደም ተሰጠን።

የአሶሳ ልጅ

ሁላችሁም ስለ ነጭና ጥቁር ስትጽፉ፣ እኔ የማስበው ስለ አዲስ አበባ ነው። የተወለድኩት በአሶሳ ነው፤ ከበርታ ሕዝብ ነኝ። ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ በገባሁበት ዓመት፣ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሕፃን ጣቷን ወደ እኔ ጠቁማ እናቷን «ይኼ ሰውዬ ለምን ጠቆረ?» ስትል እናትየዋ አፏን ያዘቻት፤ በዚያ አልተቀየምኩም፤ ሕፃን ያየውን ይጠይቃል። የተቀየምኩት ቤት ሊያከራዩኝ ተስማምተው የነበሩ አንድ ሴትዮ፣ በስልክ ከሰሙት ድምፅ ጋር የማይገጥም ሰው በር ላይ ሲያዩ ቤቱ ተይዟል ባሉኝ ጊዜ ነው። በመኝታ ክፍላችን ደግሞ «ሻንቅላ» የሚለውን ቃል እንደ ቅጽል ስሜ የሚጠሩበት ልጆች ነበሩ፤ ሲወዱኝም ሲጠሉኝም በዚያው ቃል ነው።

የካቲት 23 ሲደርስ እነዚሁ ልጆች «የጥቁር ሕዝብ ድል» የሚል ካናቴራ ለብሰው ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጡ። እኔም አብሬያቸው ወጣሁ፤ አድዋ የእኔም ነው ብዬ አምናለሁና። ይሁን እንጂ ሲመለሱ ያንኑ ስሜን ጠሩኝ። የእኔ አገር ቤኒሻንጉል በራስ መኮንን ዘመቻ ወደ ግዛቱ ከገባ በኋላ በአካባቢው ገዢ በሼኽ ኮጀሌ እጅ ወርቅና ባርያ ይገብር እንደ ነበር አያቶቼ እየነገሩኝ ነው ያደግሁት። እኅታችን «ከማንናገረው ሌላ ነገር» ብለው የጠየቁት መልሱ ይህ ይመስለኛል። በአሜሪካ ጥቁር መባልን የምትፈሩት አሜሪካ ስላስተማራችሁ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ስትወጡ በአማርኛችሁ ውስጥ ጥቁር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃችሁ ስለ ወጣችሁ ነው።

ዘደብረ ታቦር

ወንድሜ የአሶሳ ልጅ፣ ያደረሱብህን በማንበቤ አፍሬያለሁ፤ ይቅርታም እጠይቅሃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለራሴ አልታመንም። የእኛ አገር ባርነት እንደ አሜሪካው በቀለም ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ተማርከው ያደጉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆነዋል፤ ደጃዝማች ባልቻም እንዲሁ ተማርከው በቤተ መንግሥት አድገው የአድዋ ጀግና ሆነዋል። በሚሲሲፒ እንዲህ ያለ ነገር ይታሰባልን? ሁለቱን ታሪኮች አንድ አድርጎ መናገር ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

መምህር ዘልደታ

ሁለቱ አንድ አይደሉም ያሉት ትክክል ነው። ሕጋችን ባርነትን ከቀለም ጋር አላሰረውም። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ በጦርነት የተማረከውን ባርያ ማድረግን ይፈቅዳል። ሆኖም የሀብተ ጊዮርጊስና የባልቻ ስም የሚነሣው ብርቅ ስለ ሆኑ ነው። ስማቸው ያልተነሣው እጅግ ይበዛሉ።

ሕጉ ቀለምን ባይጠቅስም ቋንቋው ጠቅሷል። «ጨዋ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ዛሬ ሥነ ሥርዓት ያለውን ሰው የምናመሰግንበት ነው፤ ሥሩ ግን ባርያ ያልሆነ፣ ነጻ የተወለደ ማለት ነው። «የጨዋ ልጅ» ብለን ስንመርቅ የማን ልጅ እንዳልሆነም እየተናገርን ነው። በአንጻሩ «ባርያ» በአስማት መጻሕፍት ውስጥ ከሌጌዎን ጋር የሚጠራ፣ ሰውን የሚጥል ክፉ መንፈስ ስም ሆኗል፤ ያም መንፈስ በሕዝቡ ዘንድ በጥቁር መልክ ይታሰባል። «ሻንቅላ» ደግሞ የአንድ ሕዝብ የራሱ ስም ሆኖ አያውቅም፤ ደገኛው በምዕራቡ ቆላ ለሚኖሩት ጠቆር ላሉ ሕዝቦች ሁሉ በጅምላ የሰጠው ነው። አሜሪካ ስንደርስ የምናገኘው የቀለም መስመር እንግዲህ ባዶ ልብ ላይ አያርፍም፤ ቀድሞ በተሰመረ መስመር ላይ ነው የሚያርፈው።

የዘመኑን ነገር በአጭሩ ልግለጽ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ። ጨርሶ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም. ከድል በኋላ በታወጀው አዋጅ ነው። በመካከሉ ሙሶሊኒ ይህንኑ ጉድለታችንን ለወረራው ሰበብ አደረገው። ብዙ ሰው ጉዳዩን ማንሣት የጠላትን ክስ መድገም ስለሚመስለው ይሸሻል፤ እኔ በበኩሌ ክሱን ያቀረበው ወራሪ መሆኑ የተሸጡትን ሰዎች ያልተሸጡ አያደርጋቸውም እላለሁ።

ስለ እነሱ የምናውቀውም ጥቂት አይደለም። ከኢሉባቦር ሕፃን ሆኖ ተሰርቆ ደጋግሞ የተሸጠው ልጅ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ከተጠቀሰው ባርያ ስም አናሲሞስ ተባለ፤ አናሲሞስ ነሲብም እሷም ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳተመ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር በር ላይ ወደ ዓረቢያ ሲወሰዱ የነበሩ 204 የኦሮሞ ተወላጆችን አስጣለ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ 64ቱ በ1890 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ሎቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠይቀው የመንደራቸው፣ የአባታቸውና የእናታቸው ስም፣ ማን እንደ ሰረቃቸውና በየት በየት እንደ ተሸጡ በጽሑፍ ተመዝግቧል።

ከነታንያ (እስራኤል)

ሻሎም ለሁላችሁ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ይህን ነገር ከሁለት ወገን ቀምሰነዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ ወር ከኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን የሚለገሰው ደም በስውር ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ፤ በሺህ የምንቆጠር ሰዎችም ኢየሩሳሌም ወጥተን ጮኽን። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የደንብ ልብሱን የለበሰ ወታደር ወንድማችን በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳየው ምስል ልጆቻችንን ወደ አደባባይ አወጣቸው። በአገራችን ሳለን እምነታችን ነበር የሚለየን፤ ኢየሩሳሌም ስንደርስ እምነታችን ከሌላው ጋር አንድ ሆነና ቀለማችን ለየን። «ኩሺ» የሚለውን፣ በዕብራይስጥ ጥቁር ሰው የሚሰደብበትን ቃል በትምህርት ቤት ያልሰማ ልጅ የለንም።

መምህር ስለ «ጨዋ» የጻፉትን ሳነብ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ። በእኛ በራሳችን ውስጥ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ባመጣነው አማርኛና ትግርኛ፣ «ጨዋ» እና «ባርያ» የሚል ልዩነት እስከ ዛሬ አለ። ለሠርግ ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ ቆጠራው ዝምድናን ለመለየት ነው ይባላል፤ ሁላችንም ሌላ የሚፈለግ ነገር እንዳለ እናውቃለን። የእኅቴ ልጅ የወደደችውን ልጅ እንዳታገባ የተደረገችው በዚህ ነው። እዚህ ተወልደው፣ እዚህ አብረው በውትድርና ያገለገሉ ልጆች ናቸው። በአደባባይ ስለ ቆዳችን እኩልነት ስንጮህ የዋልን ሽማግሌዎች ማታ ቤት ገብተን ይህን ወሰንን፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ።

የሐዋርድ ምሩቅ (ዋሽንግተን)

ለወለተ ሸዋ ልጅ የሚነገር አንድ ታሪክ ልጨምር። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በእኔው ትምህርት ቤት ነው። ወደ አሜሪካ ሲመጡ ነጮች በሚበዙበት ኮሌጅ ነበር የጀመሩት፤ በኋላ ግን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ሐዋርድን መረጡ፤ ዶሮቲ ሀድሊ የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊትም አገቡ። ከወረራው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ በላኳቸው ጊዜ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከቺካጎ ተነሥቶ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ የደረሰው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ተሰልፎ በረረ፤ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ሲያሠለጥን ኖሮ በ1954 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ።

በ1924 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የፈቀደው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአላባማ፣ በሰልማ ድልድይ ላይ ለመምረጥ መብት የተሰለፉ ጥቁር አሜሪካውያን በተደበደቡበት በዚያው ዓመት። እዚህ የምንኖርበትን በር ማን እንደ ከፈተው ለልጆቻችን ብንነግራቸው ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ወለተ ሸዋ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተጻፈውን ለልጄ በሁለት ምሽት አነበብኩላት፤ አንዳንዱን ቃል እያቆምኩ ማስረዳት ነበረብኝ። የአሶሳ ልጅ የጻፍከውን ስጨርስ «በእኛ ቤትስ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያለችውን እናቴን ደወልኩላት።

እናቴ መጀመሪያ «ምን አስነሣሽ?» አለች። ከዚያ በአያቷ ቤት የነበረች አንዲት ሴት እንዳሳደገቻት፣ እህል የምትፈጨውም ጠላ የምትጠምቀውም እሷ እንደ ነበረች፣ የምትተኛውም ጓዳ እንደ ነበር ነገረችኝ። በ1934 ዓ.ም. አዋጁ ሲታወጅ «ወዴት ልሂድ?» ብላ እዚያው ቀረች አሉ። ከወዴት እንደ መጣች ስጠይቅ «ከወለጋ ማዶ» ከማለት በቀር የሚታወቅ ነገር የለም። ስሟን ነገረችኝ፤ ስሙን ያወጡላትም ጌቶቿ ናቸው። በሞተች ጊዜ እናቴ እንደ ወላጅ እናቷ አልቅሳላታለች፤ የተቀበረችው ግን ከቤተሰቡ መቃብር ራቅ ብሎ ነው።

ልጄ የሴትዮዋን ስም በደብተሯ ላይ ጻፈች፤ እንደ ልማዳችንም አባቷ ማን እንደ ሆነ እንድጠይቅላት ነገረችኝ። የሎቭዴል ልጆች የአባቶቻቸው ስም ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ ተመዝግቦ መቆየቱን ሰምታ ስለ ነበር፣ ይህ የሚገኝ መስሏት ነበር። እናቴ በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ማንም ጠይቋት አያውቅም» አለች።